ሃንዲካፔን ያስቀነሰው ማን ነበር

ሰዎች «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብለው ይጀምሩና ወዲያው ሙቱን ይወቅሳሉ። እኔ ግን ባለፈው ሰሞን የአቶ ደረጀ ለቅሶ ላይ ስቀመጥ፣ አፌን ዘግቼ ንፍሮዬን ቆርጥሜ፣ ባለቤቱን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብዬ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። የሄድኩትም ለእሱ ብዬ አይደለም። ባለቤቱና እኔ የአንድ ዕድር አባል ነን፤ ለዕድርተኛ አለመድረስ ደግሞ በእኛ ሰፈር ነውር ነው።

ድንኳኑ የተተከለው ከካዛንቺስ ዝቅ ብሎ ገና ካልፈረሱት ግቢዎች በአንዱ ደጃፍ ነው። ሰፈሩ ሌላ አገር መስሏል። እዚያው ተወልጄ ያደግኩት ሴት፣ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ ጠፍቶኝ መንገድ ጠይቄ ነው የደረስኩት። ጥግ ይዤ እንደተቀመጥኩ የሟች ታላቅ ልጅ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ደልደል ያለ ሰውዬ፣ አግዳሚው ላይ ለተደረደሩት ሽማግሌዎች ስለ አባቱ ያወራ ነበር።

«አባታችን በጨዋታ እንኳ ማጭበርበር አይወድም ነበር» አለ። «ጎልፍ ይጫወት እንደነበር ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ በጥንድ ውድድር ለፍጻሜ ደረሰ። አብራው የምትጫወተው የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ነበረች። የማይገባት ሃንዲካፕ ይዛ እንደምትጫወት ሲያውቅ ራሱ ኮሚቴው ዘንድ ሄዶ አስቀነሰው። ማለቴ፣ ራሱን ጎድቶ። እንደዚያም ሆኖ ዋንጫውን ወሰደ።»

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት «የድሮ ሰው» አሉ።

ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።

ያኔ የጽሕፈት ሥራ ተምሬ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። የምሠራበት የትራንዚት ድርጅት ቢሮው ካዛንቺስ፣ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ ነበር። ጠዋት ደረጃውን ስወጣ የቅቤና የተቃጠለ ስኳር ሽታ እስከ ቢሮዬ በር ድረስ ይሸኘኛል። ዋና ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዘውዴ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ጨዋ ሰው ነበሩ። ወንበራቸውን የሚመኙ ሁለት ምክትሎች ነበሯቸው፤ አንዱ ደረጀ ነው። በዕድሜ ይበልጠኝ ስለነበር አንቱ ልለው ይገባ ነበር። በሕይወት እያለ ብዬዋለሁ፤ ይበቃዋል።

ደረጀ ጮኾ አያውቅም። ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ሰው የሚያዋርደው በዚያው በዝግታ ድምፁ ነበር። የጻፍኩለትን ወረቀት አንብቦ ሲጨርስ ስሕተት ካላገኘበት ያዝን ነበር። ሰላምታዬን ሲመልስ ግድግዳውን እንጂ እኔን አያይም። ሁለት ዓመት ያህል አብሬው ሠርቼ የዓይኔን ቅርጽ የሚያውቀው አይመስለኝም።

አቶ ዘውዴ ጎልፍ ይወዱ ነበር። ስለዚህ ደረጀም ጎልፍ ይወድ ነበር። ድርጅቱ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለ አንድ ሜዳ አባል ነበርና ደንበኞቻችንን የምናስተናግደው እዚያ ነው። አንድ ቀን ከጅቡቲ የመጡ የመርከብ ሰዎችን አጅቤ ሄድኩ፤ ፈረንሳይኛ ስለምሞካክር ለማስተርጎም። እንግዶቹ መለማመጃው ጋ ቆመው ሲስቁ ደረጀ አንድ ዱላ ዘረጋልኝ።

«አስካለ፣ እስቲ አንቺም ምቺ። ትንሽ እንሳቅ።»

ትምህርት ቤት እያለሁ መረብ ኳስ እጫወት ነበር፤ ክንዴ ጠንካራ ነው። የመጀመሪያውን ሳትኩና ሣር ነቅዬ በተንኩ። ሳቁ። ሁለተኛዋ ኳስ ግን ከዱላው ተነሥታ ባሕር ዛፎቹ አናት ላይ እያነሰች ሄደች። ኳሷ በትክክል ስትመታ እጅ ላይ ምንም አይሰማም፤ አየር የመታችሁ ነው የሚመስላችሁ። ሳቁ ቆመ። ደረጀ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየው።

«ቅዳሜ ትመጫለሽ» አለኝ። ትመጫለሽ ወይ አላለኝም።

በዚያ ሜዳ የወንድና የሴት ጥንድ ውድድር በየዓመቱ ይደረግ ነበር። የደረጀ ባለቤት አትጫወትም፤ በድርጅቱም ዱላ የያዘች ሴት አልነበረችም። እሱ ደግሞ ያንን ዋንጫ በአቶ ዘውዴ ፊት መውሰድ ይፈልጋል። እንዲህ ነው የተመረጥኩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከካዛንቺስ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ደግሞ በሌላ ሚኒባስ እጓዛለሁ። መንገድ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ፓስቲ ገዝቼ ዘይቱ ጣቴን እያራሰው እየበላሁ ነው የምሄደው። ክረምት ነበር። ሣሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ያረጥባል፤ ኳሱ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ባሕር ዛፉ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ወደድኩት። ይህን የምናገረው ኋላ የተወሰደብኝ ምን እንደሆነ እንዲታወቅልኝ ነው። ከቤትና ከቢሮ ውጭ የእኔ የምለው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር።

ጎልፍን ለማታውቁ ሃንዲካፕ የሚባለውን ማስረዳት አለብኝ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። የሚያሸንፈው ኳሱን በጥቂት ምት ቀዳዳ ውስጥ የከተተ ነው። ሃንዲካፕ ደካማው ከብርቱው ጋር እኩል እንዲፋለም ከምቱ ላይ የሚነሳለት ቁጥር ነው። ሃንዲካፑ ሃያ ስምንት የሆነ ሰው ዐሥራ ስምንቱን ቀዳዳ በመቶ ምት ቢጨርስ ሰባ ሁለት ይባልለታል። እየጎበዘ ሲሄድ ቁጥሩ ይወርዳል። ለጀማሪ ትልቅ ቁጥር ይሰጣል፤ ለእኔም ሃያ ስምንት ተሰጠኝ፤ ያኔ ይገባኝ ነበር።

በጥንድ ሲሆን ሁለት ለሁለት ነው። የሚቆጠረው በየቀዳዳው ማን አሸነፈ የሚለው ነው፤ ከጥንዱም የተሻለው ሰው ውጤት ብቻ ይያዛል። ከአራቱ ተጫዋቾች ሃንዲካፑ ዝቅተኛ የሆነው እንደ ዜሮ ይታያል፤ ሌሎቹ ሦስቱ ከእሱ የሚበልጡበትን ያህል ምት ይቀበላሉ። እነዚያ ምቶች የሚሰጡት ከከባዱ ቀዳዳ ጀምሮ ነው። እኔ ምት የምቀበልበት ቀዳዳ ላይ በስድስት ብጨርስ አምስት ይባልልኛል። አሁን ደንቡ ትንሽ ተለውጧል ይላሉ፤ በእኛ ሜዳ ግን ልማዱ ይኸው ነበር።

እናቴ ቃሉን ስትሰማ ደነገጠች። «ሃንዲካፕ ማለት አካለ ስንኩል አይደለም እንዴ? ልጄን ማን ነው ስንኩል ያላት?» አለች። በሕግ የተሰጠኝ መሆኑን ባስረዳትም አልተዋጠላትም። «አንቺ እግርሽ ደኅና፣ እጅሽ ደኅና። የምን ምርኩዝ ነው?» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከጎልፍ ኮሚቴው ሁሉ ነገሩ ቀድሞ የገባት እሷ ናት እላለሁ አንዳንዴ።

ክረምቱ ሳያልቅ ጨዋታዬ ተለወጠ። ሃያ ስምንቱ ይቅርና ሃያም ይበዛብኝ ጀመር። ሃንዲካፕ እንዲወርድ ግን ደኅና ውጤት ለኮሚቴው መነገር አለበት፤ የሚናገረው ደግሞ አብሮ የተጫወተው ሰው ነው። ከእኔ ጋር ሁልጊዜ የሚጫወተው ደረጀ ነበር። ያበላሸሁ ቀን ያሳውቃል። የተሳካልኝ ቀን ጓንቱን እያወለቀ «የዛሬው ልምምድ ነበር» ይላል። መጀመሪያ ደንቡ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ውድድሩ ሲጀመር ገባኝ። ደረጀ የራሱ ሃንዲካፕ ዐሥር ነበር፤ ደኅና ተጫዋች ነው። እኔ ግን በየቀዳዳው ማለት ይቻላል ምት እየተቀበልኩ፣ ምት የማያስፈልገው ጨዋታ እጫወት ነበር። ማን ይችለናል? የመጀመሪያዎቹን ጥንዶች ገና ከመንገዱ አጋማሽ ብዙም ሳንርቅ ጨረስናቸው። ደረጀም ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ያንኑ ይለኛል።

«አንቺ ምትሽን ይዘሽ ቁሚ። ቀሪውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

አብዛኛውን የምጨርሰው ግን እኔ ነበርኩ።

ለፍጻሜ ያለፍንበት ቀን ያሸነፍናቸው በቅርብ የተጋቡ ባልና ሚስት ነበሩ። ልጅቷ መጨረሻ ላይ እጄን በጣቷ ጫፍ ነክታ ወደ ባሏ ዞረች። ወደ በረንዳው ስወጣ ወይዘሮ ጽጌ ከሴቶች ጋር ሻይ ይጠጣሉ። ወይዘሮ ጽጌ ከወንድማቸው ከኮሎኔል ታደሰ ጋር ተጣምረው ለፍጻሜ ያለፉት ሌላው ጥንድ ናቸው፤ ቀይ፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ የሚያስይዙ፣ ሜዳው የአባታቸው ርስት የሚመስላቸው ሴት። ሳልፍ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ተናገሩ።

«በሬ የሚሰርቅ ሌባ እንኳ ቀንዱን ይደብቃል። ይቺ ልጅ ቀንዱን ይዛ በመሀል አደባባይ ትሄዳለች።»

ሴቶቹ ሻያቸውን አዩ። ቆምኩ።

«እኔን ነው?» አልኳቸው።

«ሃያ ስምንት ሃንዲካፕ ያላት ሌላ አለች እንዴ?»

«ሃንዲካፑን የያዝኩት እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ሲሰጡሽ ለምን ትቀበያለሽ?» አሉኝ። መልስም አልጠበቁ፤ ፊታቸውን ወደ ሴቶቹ አዞሩ።

ያን ዕለት ሜክሲኮ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ወይዘሮዋን ጠላኋቸው። እውነት ስለተናገሩ ደግሞ አብልጬ ጠላኋቸው። አባቴ ቄራ ልኳንዳ የነበረው፣ ሚዛኑን ደንበኛው ፊት አድርጎ የሚመዝን ሰው ነበር። እኔ በሰው ሚዛን ሌባ ተብዬ ወደ ቤት እሄዳለሁ።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ የኮሚቴውን ጸሐፊ ኢንጂነር ሰሎሞንን አገኘሁት። ደረቅ ሰው ነው። ሃንዲካፔ ትክክል አይደለም፣ ከፍጻሜው በፊት ይስተካከልልኝ አልኩት።

«አሁን ነው የታወሰሽ?» አለኝ።

«አሁን ነው ለእርስዎ መንገር የቻልኩት።»

«ሐሙስ በጠዋት ነይ፤ እኔ ራሴ አብሬሽ እጫወታለሁ» አለ። ሐሙስ ከሌላ አንድ የኮሚቴ አባል ጋር ሆነን ዐሥራ ስምንቱንም ቀዳዳ ጨረስን። ሲበዛ «ያንቺ ተራ ነው» ይለኛል እንጂ ሌላ ቃል አልወጣውም። ሲያበቃ ቁጥሩን ነገረኝ።

«ዐሥራ ስድስት። ይህን ሁሉ ጊዜ የት ደብቀሽው ነበር?»

«እኔ አልደበቅኩትም።»

«ማን እንደደበቀው ለእኔ እንዳትነግሪኝ» አለ። «እሑድ ከሰውየው ጋር የምትጫወቺው አንቺ ነሽ። እኔ ደግሞ እዚህ ብዙ ዓመት እኖራለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ስገባ ደረጀ ሰምቶ ነበር። አስጠራኝ። ተቀመጪ አላለኝም።

«ወደዚያ ሜዳ ማን ነው ያስገባሽ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ዱላውን ማን ሰጠሽ?»

«እርስዎ።»

«ታዲያ ምቱን ስትመልሺ ማንን ጠየቅሽ?»

«ሌባ ብለው ሰደቡኝ፣ አቶ ደረጀ። በሰው ፊት። ስሜን አጠፉት።»

ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ ከተተና ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ አስቀመጠው። «አንቺ እዚያ ስም አለሽ እንዴ? እዚያ ሜዳ ላይ የደረጀ ጸሐፊ ነው የምትባዪው። የጠፋ ስም ካለ የእኔ ነው። በቃ፣ እሑድ ትመጫለሽ። አቶ ዘውዴ ሊያዩን ይመጣሉና መቅረት የለም። ከተሸነፍን ሰኞ የት እንደምትቀመጪ እኔ እነግርሻለሁ።»

ስወጣ የተሰማኝን ፍርሃት ነው እንዳልል፣ ፍርሃት አውቃለሁ፤ ይኼ ሌላ ነበር። ሰውየውን የሆነ ነገር ባደርገው እያልኩ እጄን ሳየው ተጨብጧል።

እሑድ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። መስቀል ገና ማለፉ ነው፤ በሜዳው ዳርና ዳር አደይ አበባ ፈንድቷል። አቶ ዘውዴ ባርኔጣቸውን አድርገው ከቢሮው ሰዎች ጋር መጥተዋል። መነሻው ላይ አራታችን ቆመን ሃንዲካፕ ተነበበ፤ ኮሎኔል ታደሰ ስምንት፣ ደረጀ ዐሥር፣ እኔ ዐሥራ ስድስት፣ ወይዘሮ ጽጌ ሃያ። ኮሎኔሉ ዝቅተኛው ስለሆኑ ዜሮ ይሆናሉ። ደረጀ ሁለት ምት ይቀበላል፣ እኔ ስምንት፣ ወይዘሮዋ ዐሥራ ሁለት። በድሮው ቁጥሬ ቢሆን ለእኔ ሃያ ምት ይሰጠኝ ነበር።

ወይዘሮ ጽጌ ቁጥሬን ሲሰሙ ቅንድባቸውን አነሡ። «በሳምንት ውስጥ? ታምር ነው» አሉ።

ደረጀ አላናገረኝም። በጥንድ ሲጫወቱ ሰው ከአጋሩ ጋር ይመካከራል፤ ነፋሱን፣ ርቀቱን፣ ማን አስቀድሞ ይምታ የሚለውን። እሱ ግን ሁልጊዜ ከፊቴ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ኳሴን ልገፋ አጎንብሼ ሳለ ጥላውን መስመሬ ላይ ጣለው። ቀና ብዬ እስኪያነሳው ጠበቅኩ። ኮሎኔሉ አይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያኔ ቀስ ብሎ ፈቀቅ አለ።

ንዴት ለጎልፍ አይሆንም። ደረጀ እጁ ጠጥሮ ኳሱን ወንዝ ውስጥ ይከታል፣ ዛፍ ሥር ይከታል። እኔም መጀመሪያ ላይ ከእሱ አልተሻልኩም። ዘጠኙን ቀዳዳ ስንጨርስ በሦስት ተመርተናል። ውኃ ልንጠጣ ስንቆም ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረኝ።

«አየሽ? ያ የጣልሽው ምት ቢኖር አሁን የምንመራው እኛ ነበርን።»

እውነቱን ነው። በሐሳቤ አስልቼዋለሁ፤ በድሮው ሃንዲካፔ ቢሆን ከተሸነፍንባቸው ቀዳዳዎች ብዙዎቹ የእኛ ነበሩ። ይህን ሳስብ ግን ያልጠበቅኩት ነገር ተሰማኝ፤ ቀለለኝ። ከእንግዲህ የማሸንፈው ቀዳዳ ሁሉ የእኔ ነው። ማንም መጥቶ ሰረቅሽ አይለኝም። የጠርሙሱን ቀሪ ውኃ ጨልጬ አጠገቡ ሳልደርስ መንገዴን ቀጠልኩ፤ እኔም ከእሱ ጋር መነጋገሬን ተውኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር ብተርክ ጎልፍ የማያውቅ ይሰለቻል። ምት በምቀበልባቸው ሁለት ከባድ ቀዳዳዎች ላይ ከኮሎኔሉ እኩል መትቼ በዚያች አንድ ምት አሸነፍኳቸው። ሌላ አንድ ደግሞ ያለ ምንም ምት ወሰድኩ። ደረጀም አንዴ ረዥም ኳስ ገፍቶ ከሽንፈት አዳነን፤ ያደረገውን አልክድም። አሥራ ሰባተኛውን ስንጨርስ እኩል ነበርን።

የመጨረሻው ቀዳዳ ከቀላሎቹ ስለሚመደብ እዚያ ላይ ከአራታችን ማንም ምት አይቀበልም። ሃንዲካፕ የለም፣ ድጎማ የለም፤ የመታኸውን ያህል ነህ። ደረጀ ኳሱን ወንዙ ውስጥ ጣለና ከጨዋታው ወጣ። ኮሎኔሉ ዛፍ ውስጥ ገብተው በስድስት ጨረሱ። ወይዘሮ ጽጌም በስድስት። እኔ አራት ምት መትቼ ኳሴ ከቀዳዳዋ አንድ ስንዝር ርቃ ቆመች። ካገባኋት በአምስት አሸነፍን።

እንዲህ ያለችዋን ኳስ ተጋጣሚ ይተዋታል፤ «ገብታለች፣ አንሺያት» ይባላል፤ ጨዋነት ነው። ኮሎኔሉ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ወይዘሮ ጽጌ ቀደሟቸው።

«ትጨርሰው።»

ደረጀ ጠጋ አለኝና ከማንም በማይሰማ ድምፅ «ብትስቺው ወዮልሽ» አለኝ። አንዲት ስንዝር ናት። ሕፃን ያገባታል። ነገር ግን ፊት ለፊቴ የቆሙትም አጠገቤ የቆመውም እንድስት እኩል የሚፈልጉ መሰለኝ። ሣሩን አየሁ፣ ኳሷን አየሁ፣ ገፋኋት። ገባች።

መጀመሪያ ያጨበጨቡት አቶ ዘውዴ ናቸው። ወይዘሮ ጽጌ መጥተው የደረጀን እጅ ጨበጡ። እኔ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን አልዘረጉም።

«ዐሥራ ስድስትም ይበዛልሻል» አሉኝና አለፉ። ምስጋና ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ፊታቸውን ስላላዩት ነው።

ዋንጫው በረንዳው ላይ ተሰጠ። ጥብስ ይሸታል፣ ቢራ ይከፈታል። ደረጀ ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ ንግግር አደረገ። አቶ ዘውዴን አመሰገነ፣ ተጋጣሚዎቻችንን አመሰገነ። ከዚያ ያችን ዝቅ ያለች ድምፁን አወጣ።

«ከዋንጫው በላይ ግን አንድ ነገር ያኮራኛል። የአጋሬ ሃንዲካፕ ትክክል አለመሆኑን ስደርስበት ዝም አላልኩም። ለኮሚቴው አመልክቼ እንዲቀነስ አደረግኩ። በማይገባን ምት ማሸነፍ ለድርጅታችን ክብር አይሆንም።»

ጭብጨባው ከቅድሙ በለጠ። አቶ ዘውዴ ተነሥተው አቀፉት። ኢንጂነር ሰሎሞንን ፈለግኩት፤ የቢራውን ጠርሙስ ወረቀት በጥፍሩ ይልጣል፣ ቀናም አላለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ እስከ ሥሩ የገባኝ። ሰውየው ዋንጫውን ብቻ አልወሰደም። ሌብነቱን ለእኔ ሰጥቶ እውነተኛነቴን ለራሱ ወሰደው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው። «ያመለከትኩት እኔ ነኝ።»

ጥቂት ሰዎች ዞሩ። ደረጀ ትከሻዬ ላይ እጁን ጣል አደረገ፤ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ የነካኝ ያኔ ነው። «አስካለ ዛሬ ብዙ ደክማለች» አለ እየሳቀ። «ልጅ ናት። አጥፍታለች፣ ታርማለች። በዚሁ ይለፍ።» ሰዎቹም እንደ አባት እያዩኝ ሳቁ። እጁን ከትከሻዬ አውርጄ ወጣሁ። ጥብሱን አልቀመስኩም።

ብናሸንፍም ሰኞ ቦታዬን ነገረኝ። ለገሃር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው የድርጅቱ መጋዘን። የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ ቀን ያቃጥላል፣ ጠዋት ይበርዳል፤ የጽሕፈት መኪናው ፊደል ይዘላል። የቢሮው ልጆች የሆነ ነገር ሰርቄ የተዛወርኩ ይመስላቸው ነበር። በሰው ፊት የተነገረው እንደዚያ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። አቶ ዘውዴ ጡረታ ሲወጡ ወንበሩን ደረጀ ያዘው። እኔ መጋዘኑ ውስጥ ጥቂት ቆይቼ ለቀቅኩ። ኦሎምፒያ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቼ የጽሕፈት ሥራ ጀመርኩ፤ ኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ በኮምፒውተር። ደኅና ኖርኩበት። ሜዳው ግን የአባላት ብቻ ነው፤ ዱላ ዳግመኛ አልያዝኩም። አንዳንዴ ሱቁን ስዘጋ ጃንጥላዬን ይዤ ክንዴ በራሱ ይወዛወዛል። ያኔ ሰውየውን እንደገና እጠላዋለሁ።

እንግዲህ ድንኳኑ ውስጥ ስቀመጥ ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ልጁ ንግግሩን ጨርሶ እንግዶቹን እየዞረ ሲያመሰግን እኔ ጋ ደረሰ፤ አጎንብሶ እጄን ጨበጠ።

«እናቴ፣ አባቴን በምን ያውቁታል?»

ዝም ልል እችል ነበር። «በዕድር» ብል ያበቃ ነበር።

«አብሬው ጎልፍ ተጫውቻለሁ» አልኩት። «ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።»

ፊቱ በራ። «እርስዎ ነዎት? አባቴ እርስዎን አንሥቶ አይጠግብም ነበር። እግዜር ይስጥልን ስለመጡ።»

«ምን እያለ ነው የሚያነሳኝ?»

«ልጅ ነበረች፣ አላወቀችም ነበር ይላል። አንድም ቀን በክፉ አንሥቶዎት አያውቅም። እኔ ድሮ ይቅር ብያታለሁ ይል ነበር።»

እዚህ ላይ ነው አፌን መዝጋት ያቃተኝ። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይቅር ሲለኝ ኖሯል፣ በልጆቹ ፊት።

«ልጄ» አልኩት፤ ድምፄን አላነሣሁም። «ኮሚቴው ዘንድ የሄድኩት እኔ ነኝ። አባትህ ውጤቴን ደብቆ ያቆየውን ቁጥር ነው ያስቀነስኩት። ስለዚያም ከቢሮ አውጥቶ መጋዘን ጣለኝ።»

ከጎኔ ያሉት ሴቶች ንፍሮ መቆርጠም አቆሙ። ጋቢ የለበሱት አዛውንት «ኧረ ሙት አይወቀስም» አሉ።

«አልወቀስኩም፣ አባቴ። የሆነውን ነው የተናገርኩት።»

ልጁ እጄን ገና አልለቀቀም ነበር። «እናቴ፣ ገና እኮ መቀበሩ ነው» አለኝ። አልተቆጣም። የአባቱን ፊት ይዟል፤ ዓይኑ ግን ሰው ያያል። «ለምን አሁን?»

«አንተ አሁን ስላወራኸው።»

ተነሥቼ ባለቤቱን ተሰናብቼ ወጣሁ። ሰምታ እንደሆነ አላውቅም፤ እጄን እንደማንኛውም ሰው ጨበጠችኝ። በፈረሰው ሰፈር መሐል አዲሱን ሰፊ መንገድ ይዤ እስከ ኦሎምፒያ በእግሬ ወረድኩ። ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽም። ሐዘንተኛ ልጅ ፊት እንደዚያ መናገሬ ይከነክነኛል፤ አባቱ ግን አሁንም አያሳዝነኝም። ሰው ሲሞት ቂምም አብሮ ይቀበራል የሚሉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ምናልባት የእነሱ ቂም ቀላል ነበር።

በዕድራችን ውስጥ «አስካለ በሙት ላይ አፏን ከፈተች» መባሉን ሰምቻለሁ። ይባል። ያ ልጅ ከእንግዲህ ያንን ታሪክ ለልጆቹ ሲያወራ፣ «ራሱ ሄዶ አስቀነሰው» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ አንዴ ይደናቀፋል። ለእኔ እሷ ትበቃኛለች።